ሠላሳ አንድ ቁጥር

ኤልሮይ ክሬንሾ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ብዙ ነገር አይደለም። አሥራ ሁለት እርምጃ በስምንት የሆነ አሸዋማ መሬት፣ አንድ የእንጨት ጠረጴዛ፣ አንድ የዛገ ምድጃ፣ ውኃዋ ጨው ጨው የምትል አንዲት ቧንቧ፤ በቃ። መግቢያው ላይ በተቸከለው እንጨት «31» ተብሎ ተጽፏል። መሬቱ የቴክሳስ ክፍለ ግዛት ነው፤ በሄረን ፖይንት የባሕር ዳር ፓርክ ያሉት ስድሳ የድንኳን ቦታዎች በሙሉ የሕዝብ ናቸው። ይህን ለኤልሮይ የሚነግረው ደፋር ግን እስካሁን አልተገኘም።

እኔ በፓርኩ በር ላይ ተቀምጬ ታርጋ ስለምመዘግብ ገቢና ወጪውን ሁሉ አያለሁ። ሊዝናና መጥቶ እንደ ኤልሮይ ፊቱን የሚቋጥር ሰው ግን አላየሁም። ሌላው ሰው ባሕሩን ሲያይ ይስቃል። እሱ ፈረቃ የገባ ይመስላል።

ሥራማ ነበረው። ከባሕሩ የሦስት ሰዓት መንገድ በምትርቅ ከተማ የትምህርት ቤቶችን አየር ማቀዝቀዣ ሲጠግን ሠላሳ አራት ዓመት ኖሮ ጡረታ ወጣ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ አምስት ወር መልአክ ነው፤ በቀረው ሰባት ወር ስሙን የሚያስታውስ የለም። ኤልሮይም ፈቃድ ይወስድ የነበረው በሚረሳበት ጊዜ ነበር፤ በኦክቶበር ሁለተኛ ሳምንት። ያን ጊዜ ትልልቆቹ ቀይ ዓሦች ወደ ዳርቻው ይጠጋሉ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ደግሞ የአሸዋው ኮረብታ በተሰነጠቀበት ፊት ለፊት ናት፤ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ባሕሩ ዳር የተከላቸውን የማጥመጃ ዘንጎች ማየት ይችላል። ክብሯ ሁሉ ይኸው ነው።

ለዚህች ክብር ያልተከፈለ የለም። ሴት ልጁ ሠርጓን በዚያው ሳምንት ልታደርግ ብትለው፣ «ደስ ይለኛል፤ በስልክ እመርቃችኋለሁ» አላት። ልጅቷ ሠርጉን ወደ ኖቬምበር አዛወረች። ሙሽራው እስከ ዛሬ አማቱን «ሚስተር ክሬንሾ» ነው የሚለው።

እንግዲህ አንባቢ ይህ ሰው ስንት ዓሣ ቢያወጣ ነው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ትልቅ ቀይ ዓሣ አልያዘም። የባሕር አምባዛ ይዟል፤ እሾኩ እጁን ወግቶት ያውቃል። አንድ ጊዜ የሰው ጫማ አውጥቷል፤ የግራ። ፓርኩን የሚያውቁ አጥማጆች በሙሉ ዘንጋቸውን የሚተክሉት ከዚያ ወደ ደቡብ ራቅ ብለው ነው። ኤልሮይ ግን፣ «ዓሣው ይመጣል። መጥቶ እኔን ሲያጣኝ ነው የማዝነው» ይላል።

የፓርኩ ሕግ ቀላል ነው። የሚቀጥለው ዓመት ሳምንት ምዝገባ የሚከፈተው በዘንድሮው ሳምንት ሐሙስ፣ ልክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ በስልክ ገብቶ ቀድሞ የነካ ይወስዳል። ኤልሮይ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማንንም አላስቀደመም ነበር። አምና ግን ቅጹ ላይ አዲስ ጥያቄ ተጨመረ፤ «የተጎታች ቤትዎ ርዝመት?» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን የመጣለትን ቁጥር ሞልቶ ያልፍ ነበር። ኤልሮይ ለመንግሥት አይዋሽም። ስልክ ከሚሠራበት ከኮረብታው አናት ወርዶ፣ ሜትር ፈልጎ፣ ተጎታች ቤቱን ከመከላከያው እስከ መጎተቻው ለካ፤ ተጠራጥሮም ደግሞ ለካ። ሲመለስ ሠላሳ አንድ ተይዛለች። የቀረችው ሠላሳ ሁለት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ጋር የምትዋሰነው ናት።

ዘንድሮ ረቡዕ ቀትር ላይ ከባለቤቱ ከቬልማ ጋር እኔ ያለሁበት በር ላይ ሲደርስ ፊቱ ሐዘን ቤት የሚገባ ይመስል ነበር።

«ሠላሳ አንድ ውስጥ ማነው ያለው?» አለኝ፣ ሰላም ሳይለኝ።

«የትሬቪኞ ቤተሰብ፣ ከሂዩስተን።»

«ታመው እንዳይሆን? ብዙ ሰው እኮ በዚህ ጊዜ ይታመማል።»

«ከጠዋት ጀምሮ ኳስ እየተጫወቱ ነው።»

«ኳስ!» አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጫወቱ ያህል።

«ንዳ፣ ኤልሮይ» አለች ቬልማ። «መጸዳጃ ቤቱ ሳይቀዘቅዝብን።»

ግራሲዬላ ትሬቪኞ አርባን ያለፈች፣ ሳቋ ከመንገዱ የሚሰማ ነርስ ናት። የቤተሰቡ ድንኳን ሰማያዊ ነው፤ ዙሪያውን አምፖል ተንጠልጥሎበታል። ከባሕሩ አርባ እርምጃ ርቀት ላይ ደግሞ በአየር የሚነፋ የመዋኛ ገንዳ ዘርግተዋል። ኤልሮይ ወንበሩን ድንበሩ ላይ አድርጎ ይህን ሁሉ ለአንድ ሰዓት ያህል አየ። ከዚያ እንደ መልካም ጎረቤት ሊመክራቸው ተነሣ።

«እመቤት፣ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። እዚህ እባብ አለ።»

«ውይ! የት?»

«እዚሁ። ሠላሳ አንድ ላይ።»

«እናንተ ጋስ?»

«እኛ ጋ አይሻገርም።»

ግራሲዬላ የመጸዳጃ ቤቱን ግድግዳ አየችና፣ «አልፈርድበትም» አለች።

ትንኙን ነገራት፤ የሚረጭ መድኃኒት አሳየችው። ማዕበሉ ጠረጴዛው ድረስ እንደሚመጣ ነገራት፤ ልጆቹ በደስታ ጮኹ። ከመምሸቱ በፊት ደግሞ በበቆሎ ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ ትኩስ የበቆሎ ሊጥ በሥጋ፣ አንድ ሙሉ ሳሕን ላከችለት። ኤልሮይ ስድስት በላ። ሰባተኛውን ያስቀረው በመርሕ ነው።

«ደግ ሰው ናት» አለች ቬልማ።

«ደግ ሰው የሰው ቦታ አይወስድም።»

«ስምህ የቱ ጋ ተጽፎበታል?»

ኤልሮይ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰካ።

ሐሙስ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ዘንጉን ባሕሩ ዳር ተክሎ፣ መንጠቆው ላይ ቁራጭ ዓሣ ሰክቶ፣ ራቅ አድርጎ ወረወረ፤ ከዚያ የአሸዋው ኮረብታ አናት ላይ ወጣ። በፓርኩ ውስጥ ኔትወርክ ያለው እዚያች አናት ላይ ብቻ ነው። ሩብ ጉዳይ ሲል ግራሲዬላ በነጠላ ጫማ ስትወጣ አያት።

«እንደምን አደሩ፣ ሚስተር ኤልሮይ?»

«ደህና። ምን ፈልገው ነው?»

«ንፋስ ልቀበል።»

«ስልክ ይዘው?»

«ንፋሱን ፎቶ ላነሣው።»

ጎን ለጎን ቆሙ። ሁለቱም ፈገግ ብለዋል፤ ሁለቱም ባትሪያቸውን አይተዋል።

«ልጆቹ በጣም ወደዱት» አለች። «ለከርሞም እዚሁ ብለዋል።»

«ልጅ ቶሎ ይረሳል።»

«የእኔዎቹ አይረሱም።»

ለሁለት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከታች የቬልማ ጩኸት መጣ።

«ኤልሮይ! ዘንግህ!»

ዘንጉ ወደ ባሕሩ ጎንበስ ብሎ፣ ጫፉ ውኃ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ክሩ ከመጠቅለያው እየተፈተለከ ሲወጣ ሲጥ ሲጥ የሚለው ድምፅ ኮረብታው ድረስ ይሰማል። አምባዛ እንዲህ አይጎትትም። ጫማማ ከቶ አይጎትትም። ከማዕበሉ ጀርባ አንድ መዳብ የመሰለ ሰፊ ጎን ገልበጥ ብሎ ጠፋ።

ኤልሮይ ዘንጉን አየ። ስልኩን አየ።

«ያዥልኝ!» ብሎ ጮኸ ለሚስቱ።

«አልነካም! ካቻምና ብነካው ሳምንት ሙሉ አኩርፈኸኛል!»

«አሁን ንኪው!»

«በጽሑፍ ስጠኝ!»

አንድ ደቂቃ ቀረ። ዘንጉ የተተከለበት ቱቦ ከአሸዋው መነቀል ጀመረ። ግራሲዬላ አንድ ጊዜ ስልኳን፣ አንድ ጊዜ ሽማግሌውን አየች። «ኧረ ሰውዬ፣ ይሂዱ!» አለችው። አልሄደም። ያን ጊዜ ስልኳን አሸዋው ላይ ወርውራ፣ ነጠላ ጫማዋንም ትታ ቁልቁል ሮጠች።

ሁለት ሰዓት ሆነ። ኤልሮይ ነካ። ስም፣ ታርጋ፣ ርዝመት፤ ቁጥሩን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። አረንጓዴ ምልክት መጣለት። ሠላሳ አንድ ለከርሞ የኤልሮይ ክሬንሾ ሆነች። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ጮኸ፤ የሚያየው ግን አልነበረም። ከየድንኳኑ የወጣው ሰው ሁሉ ባሕሩ ዳር ተሰብስቧል፤ ግራሲዬላ እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ገብታ ወደ ኋላዋ እየተጎተተች፣ እየለቀቀች፣ እየጠቀለለች ነው። ልጅነቷን ከአባቷ ጋር ወደብ ላይ ስታጠምድ እንዳደገች ያወቅነው በኋላ ነው።

ዓሣው ከአንድ ሜትር በላይ ነበር። ሕጉ እንዲህ ያለውን ትልቅ ዓሣ ይዞ ለመሄድ ከማጥመጃ ፈቃድ ላይ የሚቆረጥ ወረቀት ይጠይቃል። የእሷ ወረቀት ድንኳን ውስጥ ነው። የኤልሮይ፣ በየዓመቱ እያደሰ አንዴም ያልቆረጠው፣ ኮረብታው ላይ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ እሱ ገና ማረጋገጫውን ደጋግሞ እያነበበ ነው። የግራሲዬላ ባል ቶሎ ቶሎ ፎቶ አነሣ፤ እሷም ዓሣውን ውኃው ውስጥ ይዛ አስተነፈሰችው፤ ለቀቀችውም።

ኤልሮይ እያለከለከ ደረሰ። «ያዝኩት!» አለ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ።

«እኔም ያዝኩት!» አለች ግራሲዬላ።

«የት አለ?»

ወደ ባሕሩ አመለከተችው።

«በማን ዘንግ ነው የወጣው?» አለ ኤልሮይ።

«በእርስዎ።»

«መንጠቆውስ?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው ዓሣው የኔ ነው።»

«ይውሰዱት» አለች እጇን እያሻሸች። ክሩ ጣቶቿን ቆርጧቸዋል። ቬልማ ፋሻ ይዛ መጣችና ባሏን በክርኗ ገፋ አድርጋ አለፈች።

«ለከርሞ እንግዲህ ሠላሳ ሁለት ላይ ነን» አለች ግራሲዬላ ጣቷ ሲታሰር። «እሷን የሚሻማ የለም። ጎረቤት ሆንን ማለት ነው፣ ሚስተር ኤልሮይ።»

ኤልሮይ የመዋኛ ገንዳውን አየ፤ አምፖሎቹን አየ፤ ኳሱን አየ። ድል ያደረገ ሰው ፊት ይህን ይመስላል ብሎ ማንም አይገምትም።

ከሰዓት በኋላ ድንበሯን ተሻግሮ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ፎቶውን እንድታሳየው ጠየቃት። ዓሣው እውነትም ትልቅ ነበር። ግራሲዬላ በሁለት እጇ ታቅፋው ትስቃለች። ከኋላዋ ኮረብታው አናት ላይ አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ስልክ ይነካካል።

«ላኪልኝ፣ ልጄ» አለ ኤልሮይ። «ግን ከኋላ ያለውን ሰውዬ ቁረጪው።»

«እርስዎ እኮ ነዎት!»

«አውቃለሁ» አለ። «ቁረጪው።»