መርዶ የማይነገርበት ማኅበር

አብዱረዛቅ ስለ ማኅበር የሚያውቀውን ሁሉ ያወቀው ከቅሬ ነው። በእኛ በይፋት ቆላ ቅሬ የሰፈር የቀብር ማኅበር ነው፤ ሰው ሲሞት ይቆፍራል፣ ይቀብራል፣ ለቀስተኛ ያበላል። የቅሬ አባል ሆኖ ሞት ሰምቶ የቀረ ሰው፣ የራሱ ቀን ሲደርስ ሬሳውን የሚያነሳለት አያገኝም። ስለዚህ አብዱረዛቅ «ማኅበር ማለት መሞትህን የሚያውቅልህ ነው» ይል ነበር። ከዚህ ያለፈ ፍልስፍና አልነበረውም። ዕድሜውን ጭነት ሲያስርና ሲፈታ የጨረሰ ሰው ነው፤ ፍልስፍናውን ምን ላይ ይጫነው?

አባቶቹ የአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ነበሩ። እሱ ግን ሸዋ ሮቢት ዳር ጎጆ ቀልሶ ከሚስቱ ከዘምዘም ጋር ይኖር ነበር። በሁለት በቅሎዎቹ ከቆላ ማሽላ ወደ ደብረ ሲና ያወጣል፣ ከደብረ ሲና ገብስና ባቄላ ያወርዳል። ጣሊያን የደሴን መንገድ ሲጀምርና ሮቢ ወንዝ ዳር የሠራተኞች ካምቦ ሲተከል፣ የሚያወርደውን እህል ለካምቦው ወጥ ቤት ማስረከብ ያዘ።

የካምቦው ትልቅ ሰው ዘውዴ ነበር። ዘውዴ የደብረ ሲና ሰው ነው፤ መጀመሪያ ካቦ ሆነ፣ በኋላ በጣሊያኑ አዛዥ ፈቃድ «የመንገድ ሠራተኞች ማኅበር» የሚባል አቋቁሞ አለቃ ተባለ። ጣሊያን የሚፈቅደው ማኅበር ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚጠፋው ሰው አልነበረም፤ ግን ረሃብ ዓይንን ያስጨፍናል። ማኅበሩ የታመመውን ሊያስታምም፣ የሞተውን በወግ ሊቀብር ቃል ገባ። በየገበያው ቀን ዘውዴ ሣጥን ላይ ወጥቶ «ማኅበራችን አደገ! ከትናንት ዛሬ በዛን!» ይላል። አዛዡ ደስ ይለዋል፤ ደስ ሲለው ለዘውዴ ኮት ያለብሰዋል። ዘውዴም አዲሱን ኮት ለብሶ ወደ ደጋ ይወጣና «ኑ ውረዱ፣ ማኅበሩ ሞልቶ ሳይዘጋ!» እያለ ሰው ይሰበስባል።

የሮቢት ንዳድ፣ ወባው፣ ደግሞ ደገኛ ይወዳል። ከደጋ የወረደው ሁሉ ሳይሰነብት ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡን የጨረሰውን ወንዙ ዳር ካለው ወርካ ሥር ይቀብሩታል። ማስታመሙም ወጉም የአፍ ነበር። ተዝካር የለ፣ ለቅሶ የለ፣ መርዶ የለ።

መርዶ የቀረበትን ምክንያት ልናገር። በአገራችን መርዶ በመንገደኛ አይላክም። ዘመድና የሰፈር ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሟቹ ሚስት ደጃፍ ድረስ ሄዶ ነው የባሏን ሞት የሚያረዳት። መንገድ ላይ ወይ ገበያ መሀል የነገረ ነውረኛ ነው፤ ደመኛ እንኳ አያደርገውም። ካምቦው ውስጥ ያለው ሁሉ ከየአገሩ የተለቃቀመ ባዳ ስለሆነ እያንዳንዱ «የሚያረዳለት ዘመድ አይጠፋውም» ብሎ አፉን ዘጋ። ክፋት አልነበረም፤ ጨዋነት ነበር። ያናድደኛል ይሄ ነገር፤ ያን ያህል ሰው በጨዋነት ሲያልቅ ያናድዳል። ዘውዴ ግን ቶሎ ገባው። መርዶው ያልተነገረ ሰው ከማኅበሩ አይጎድልም። አዲስ ሲመጣ ይጨመራል፣ የሞተው እንዳለ ይቆያል፤ እንዲህ ያለ ማኅበር እንዴት አያድግ?

ታደሰ የሚባለውን የደብረ ሲና ሰው ሲቀብሩ አብዱረዛቅ ነበረበት። ጉልበት ያለው ሰው ጠፍቶ እሱ ራሱ አፈር መለሰ። በሚቀጥለው ገበያ ደብረ ሲና ሲደርስ የታደሰ ሚስት ዘነበች ጠበቀችው።

«ጋሼ አብዱረዛቅ፣ ይችን በሶ ለታደሰ ያድርሱልኝ። ቆላ ምግቡ አይስማማውም።»

«እሺ» አላት። ምን ይበል? ዘመድ አይደለም፣ ጊዜው ጎህ አይደለም፣ ቦታው ገበያ ነው። ከረጢቱን ተቀብሎ ወረደ። በሚቀጥለው ገበያም ሌላ ሰጠችው። ከረጢቶቹን ቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቀላቸው።

«ነቅዞ ከሚደፋ ለምን ለድኻ አትሰጠውም?» አለችው ዘምዘም።

«የሙት አማና ነው። አደራ አይነካም።»

ዘነበች በሌላ ቀን ስትመጣ ፊቷ በርቶ ነበር። «ወንድሜ ደምሴ ሊወርድ ነው» አለችው። «አለቃ ዘውዴ ራሱ ቤት ድረስ መጣ። ታደሰ ማኅበሩ ውስጥ ተሹሟል፣ ወንድምሽን እሱ ይጠብቀዋል አለኝ። እርስዎም አደራ፣ መንገዱን ያሳዩልኝ።»

አብዱረዛቅ ያን ቀን በቅሎዎቹን እየጎተተ ሲወርድ አላህን ተቆጣ፣ ወዲያው ደግሞ አስተግፊሩላህ አለ። እንደገባ ወደ ሁሴን ሄደ። ሁሴን የቅሬው ሽማግሌ ነው።

«አባባ ሁሴን፣ ዘመድ ያልሆነ ሰው መርዶ ያረዳል?»

ሁሴን ቀና ብሎ አየው። «ማን ቀበረው?»

«እኔ።»

«የቀበረ ዘመድ ነው። ሂድ።»

ደብረ ሲና ገና ጭጋጉ ሳይገፈፍ የዘነበችን ጎረቤት ሽማግሌዎች ቀስቅሶ ደጃፏ ቆመ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። በሩን ስትከፍት አብዱረዛቅ ከረጢቶቹን ቋጠሯቸው ሳይፈታ ደፉ ላይ አስቀመጣቸው።

«ዘነበች፣ ከእንግዲህ ስንቅ አትላኪ» አላት።

መጀመሪያ ከረጢቶቹን አየች። ቀጥሎ እሱን። «አንተ ማን ነህ! አንተ ምኔ ነህና ነው የምታረዳኝ!» ብላ ደረቱን በጡጫ መታችው። ቆሞ ተመታላት። ሲደክማት እሱም አብሯት አለቀሰ፤ ወርካውንም፣ ታደሰ በየት በኩል እንደተኛም ነገራት። ፀጉሯን ተላጨች። ደምሴ ሳይወርድ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ አብዱረዛቅ ደብረ ሲና በደረሰ ቁጥር ሴቶች በቅሎዎቹን ይከቡ ጀመር። «የኔስ?» ይሉታል። የሚያውቀውን በወጉ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ይዞ አረዳ። ከደብረ ሲና ወደ ካምቦው የሚወርድ ሰው ጠፋ።

ዘውዴ ይህን ሲሰማ ትልቅ ስብሰባ ጠራ። በሸዋ ሮቢት ገበያ ቀን አዛዡን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ሠራተኛውን አሰልፎ፣ ሣጥኑ ላይ ወጣ። «ማኅበራችን ካምና ይልቅ ዘንድሮ እጥፍ ሆኗል!» አለ። የካምቦው ዘበኞች አፍጥጠው ስላዩት ሠራተኛው አጨበጨበ።

አብዱረዛቅ በቅሎዎቹ መሀል ቆሞ ነበር። «አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ማኅበሩ ካደገ እኔ የማወርደው እህል ምነው ሳያድግ ቀረ? አፍ የሌለው ማኅበርተኛ ነው እንዴ የገባው?»

ሰው ሳቀ። ዘውዴም ለመሳቅ ሞከረ። «ማኅበርተኛው በየቦታው ተሰማርቷል። ገሚሱ ጀውሃ ነው፣ ገሚሱ ወደ ኤፌሶን አልፏል።»

«የደብረ ሲናው ታደሰስ?»

«ማኅበርተኛችን ነው። ጀውሃ አለ።»

«እኔ ግን እዚሁ ወርካው ሥር ነው የቀበርኩት።»

«ማን መርዶ ነጋሪ አደረገህ?» ዘውዴ ጮኸ። «መርዶው ያልተነገረ ሰው ሞተ አይባልም!»

«እንግዲያው ልንገር» አለ አብዱረዛቅ። ጥምጣሙን ከራሱ አውርዶ ወደ ሰልፉ ዞረ። «የመዘዞው ከበደ ሞቷል። የአሊዩ አምባው ሳልህ ሞቷል። እናንተም ታውቃላችሁ፣ የቀበራችሁት እናንተ ናችሁ።»

መርዶ ሰምቶ ዝም የሚል ሰው በአገራችን የለም፤ እግር በራሱ ይነሳል። ከሰልፉ አንዱ አካፋውን ጥሎ «ወንድሜን!» አለ። ሌላው የአገሩን ልጅ ስም ጠርቶ ደረቱን መታ። ስንት ጊዜ አፍነው የያዙት ለቅሶ ገበያውን ሞላው፤ የማያውቃቸው ገበያተኛ ሁሉ ዘንቢሉን ጥሎ አብሮ አለቀሰ። አዛዡ ደንግጦ አስተርጓሚውን ምን ሆነው እንደሆነ ጠየቀው። አስተርጓሚው ግራ ቀኝ አየና «ማኅበርተኞቹን በስም እየጠሩ ነው» አለው። አልዋሸም።

ዘበኞቹ አብዱረዛቅን የያዙት ገበያው ሲበተን፣ ጭነት ሲያጠብቅ ነው። በቅሎዎቹ ብቻቸውን ቤት ገቡ።

ዘምዘም ወደ ካምቦው ሮጠች። ዘውዴ ከወንበሩ ተነስቶ፣ እጅ ነስቶ ተቀበላት። «አይዞዎት እትዬ ዘምዘም። አብዱረዛቅ ከእኛ ጋር ታርቆ ማኅበር ገብቷል። ከኤፌሶን ወዲያ ለሥራ ተልኳል። ስንቅ ካለዎት እኔ አደርስልዎታለሁ።»

ማመን ፈለገች፤ ማን ይፈርድባታል? በየገበያው የማሽላ ቂጣ ጋግራ፣ ቅባት ቀብታ፣ በጨርቅ ቋጥራ ለዘውዴ ትሰጠዋለች። ሁሴንና ቅሬው ጠረጠሩ፤ ግን ሬሳ አላዩም፣ በጥርጣሬ ደግሞ ሰው አያረዱም። ዘውዴ ሣጥኑ ላይ ወጥቶ «አሁንማ የቆላው ነጋዴም ገባልን፣ አደግን!» ብሎ ተናገረ።

አንድ ማለዳ ውሻ ጮኸ። ዘምዘም እጇ ሊጥ እንደነካ በሩን ከፈተች። ሁሴንና የቅሬው ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ከፊታቸው አንዲት የማታውቃት ሴት አለች፤ ፀጉሯ ገና በማቆጥቆጥ ላይ ነው፣ እግሯ በቁልቁለቱ ቆስሏል። ከካምቦው አምልጦ ደብረ ሲና የገባ ሠራተኛ፣ ዘበኞቹ አብዱረዛቅን እንደገደሉትና እሱ በገዛ እጁ ወርካው ሥር እንደቀበረው ነግሯታል። እሱ ለመመለስ ቢፈራ እሷ ወረደች። ደምሴ ልከተልሽ ቢላት እምቢ ብላ፣ መጥታ የሁሴንን ደጅ አንኳኳች።

«ዘምዘም እህቴ» አለች ዘነበች፤ «ከእንግዲህ ስንቅ አትላኪ።»

ዘምዘም እጇ ላይ የደረቀውን ሊጥ አየች። «ታዲያ» አለች፣ «ያን ሁሉ ቂጣ ማን በላው?»

ዘነበች ቂጣው ለዘውዴ ይሰጥ እንደነበር ከሁሴን ሰምታለች። አቅፋት ደፉ ላይ ተቀመጠች። «የኔን በሶ ባልሽ እንደተቋጠረ መልሶልኛል» አለቻት፤ ሁለቱም ያን ጊዜ አለቀሱ።