ለስልክ የተሰፋ ማኅደር

ዘመናዊ ስልክ ለአባቴ የገዛሁላቸው ፊታቸውን ማየት ስለፈለግሁ ነው። ለወሬ ቢሆን ኖሮ ባለቁልፏ ትንሽ ስልክ ትበቃ ነበር። እናቴ ከማረፏ ሦስት ቀን በፊት በዚያችው ስልክ ደውዬላት፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ከመንጋ ስለምትሸሽ አንዲት አመለኛ በግ እየሳቀች ስታወራኝ ቆይታ ነበር። ከዚያ መርዶ መጣ። ለካስ ያን ሁሉ የምታወራኝ ተኝታ ነው፤ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ሳምንት አልፏት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ድምፅ አላምንም። አባቴን አንድ ነገር ቢያገኛቸው ሳይረፍድ ማወቅ አለብኝ፣ ለማወቅ ደግሞ ማየት አለብኝ ብዬ ወሰንኩ።

እኔ መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ከተማ አስተማሪ ነኝ። አባቴ የሚኖሩት ግሼ ውስጥ፣ ከራቤል በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር ነው። ብራና ይፍቃሉ፣ ለዳዊትና ለውዳሴ ማርያም ማኅደር ይሰፋሉ፤ መጽሐፉ የሚገባበትን፣ ካህናቱ በትከሻቸው የሚያነግቱትን የቆዳ ቤት ማለቴ ነው። በእኔና በእሳቸው መካከል ያለው መንገድ በሰላሙ ጊዜ አንድ ቀን ይፈጃል። በዚያ ዓመት ግን አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል፤ ለምን እንደተዘጋም፣ ማን እንደከፈተውም በግልጽ የሚያወራ ሰው አልነበረም። መኪናው ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ጓሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ጨርሶ ዝም ይላል።

ስልኩን ለጥምቀት ሄጄ ሰጠኋቸው፣ አጠቃቀሙንም አስተማርኳቸው። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ይወጣሉ፤ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የማየው ግንባራቸውንና ሰማዩን ነበር። «ዝቅ ያድርጉት አባዬ» ስላቸው አገጫቸው ይመጣል። እንደ ተማሪ እቆጣቸዋለሁ፣ እሳቸውም እንደ ተማሪ ይስቁብኛል። ገብሱን ሊያሳዩኝ ሲፈልጉ በኋላው ካሜራ እንዴት እንደሚያሳዩም ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

በሦስተኛው እሑድ ስልኩ ከእጃቸው አምልጦ ድንጋይ ላይ ወደቀና ጥጉ ተሰነጠቀ። ከቨር የሚባል ነገር ያስፈልገዋል አልኩ። እሳቸው ግን ስልኩን የሚይዙት ከበርኖሳቸው ሥር፣ በኮታቸው የውስጥ ኪስ፣ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነው። የግሼ ብርድ ባትሪ ይበላል፤ በውጭ ኪስ የተያዘ ስልክ ቅዳሴ ሳያልቅ ይጠፋል። ኪሱ ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ የምፈልገው ድንጋይ የሚችል፣ ግን ስስ የሆነ ነገር ነበር።

የአባቴ ጎረቤት አንዲት ነጋዴ ሴት ናት፤ ዝተትና ባና የሚባለውን የሱፍ ልብስ ጭና፣ መንገድ ሲገኝ በየሁለት ሳምንቱ ዘመሮ ገበያ ትመጣለች። የኪሱን ስፋት በክር ለክታ አመጣችልኝ። ክሩን ይዤ ከቨር በጃንጥላ ላይ እየሰቀለ ከሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ። ዘርግቼ ስለካ አየኝና፣

«እህቴ፣ ሱሪ ነው የምታሰፊው?» አለኝ።

«የአባቴ ኪስ ነው። ዝም ብለህ አሳየኝ።»

ወፍራም ጥቁር ጎማ አወጣ። «ይሄ ከገደል ቢወረወር ስልኩን አንድ ነገር አይነካውም።»

«ከኪስ ካልገባ ምን ይሠራል?»

ግልጽና ስስ የሆነውን ሰጠኝ። «ይሄ ደግሞ መኖሩም አይታወቅ።»

«መኖሩ ካልታወቀ ለምን እገዛዋለሁ?»

«ስስም ጠንካራም ከፈለግሽ» አለኝ ሰውዬው፣ «ትንሽ ጸልዪ።»

ሦስት ዓይነት ገዝቼ በነጋዴዋ እጅ ላክሁ። በቀጣዩ እሑድ አባቴ ፍርዳቸውን ሰጡ፤ ጎማው ኪሳቸውን ይቀድዳል፣ ስሱ የሽንኩርት ልጣጭ ነው፣ የሦስተኛው ደግሞ ገና ስልኩን ሲያስገቡበት መያዣ ጥርሱ ተሰበረ። እኔ ግን የሰማሁት ግማሹን ነው። ከግራ ዓይናቸው ሥር፣ ከአፍንጫቸው ጥግ፣ ምስር የምታክል ነገር በቅላ ነበር።

«ምንድን ናት እሷ አባዬ?»

«ምች ናት ልጄ። ዳማከሴ አሽቼ አደርግባታለሁ።»

ምች የሚሉት ቁስል በሳምንት ይከስማል፤ ያቺ ግን በሳምንቱም አለች፣ በሁለተኛው ሳምንትም አለች፣ ዙሪያዋም ጠቁሯል። ጤና ጣቢያ ይሂዱ አልኳቸው። ሰምተው እንዳልሰሙ ወሬውን ወደ ከቨሩ መለሱት።

«ለእግዚአብሔር ቃል ቤት የሚሰፋ ሰው ለአንዲት ስልክ ጎማ ይለምናል እንዴ? ራሴ እሰፋላታለሁ። ስስ የፍየል ቆዳ አለኝ።»

ደስ አለኝ። ሥራ ያዙ ማለት ጤና ናቸው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው ማመን የፈለገውን ነገር ለማመን ምክንያት አያጣም።

ሁለት እሑድ ሳይደውሉ አለፉ። በሦስተኛው ደወሉ። ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ነው።

«አይታዩኝም አባዬ!»

«ማኅደሩ ውስጥ ናት። እንዴት ያለ ማኅደር እንደሰፋሁላት ብታዪ! ኪሴ ስትገባ እንዳለችም አላውቅ፤ ትናንት እደጁ ድንጋይ ላይ ጣልኳት፣ ምንም አልሆነችም።»

«ካሜራውን ሸፍነውታል እኮ።»

«ጠርዙን ከላይ በኩል ጣት ያህል አስፍቼው ነው። ጠርዝ ከጠበበ ስፌት ይበላዋል። ቆይ፣ በኋላው ላሳይሽ።»

ጉም ታየኝ። ከጉሙ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲህ በዝናብ የተኛ ገብስ። ድምፃቸው ከገብሱ ላይ ይመጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየእሑዱ እንዲሁ ሆነ። እሳቸው የሚያዩትን ሁሉ አያለሁ፤ እሳቸውን ግን አላይም።

ነጋዴዋ ማኅደሩን በራሷ ስልክ ፎቶ አንስታ አመጣችልኝ። እውነትም የሚያምር ነበር። ቀይ ቆዳ፣ ጥቅጥቅ ያለ የጅማት ስፌት፣ ለጥበቡ እንጂ ለውፍረቱ ቦታ ያልሰጠ። ለኋላው ካሜራ የተሠራው ቀዳዳ በወስፌ ተከፍቶ ዙሪያው ተዘምዝሟል፤ አንዲት ዝንፍ ያለች ነጥብ የለችም። አስተማሪዎች ክፍል ወስጄ ለሁሉም አሳየሁ። አንዱ ባልደረባዬ ፎቶውን አጉልቶ አይቶ፣ «የኋላውን እንዲህ አድርገው የከፈቱ ሰውዬ የፊቱን እንዴት ረሱት?» አለ። «ሽማግሌ ናቸው፣ ምን ያውቃሉ» አልኩት። ሰባ ዓመት ሙሉ በመርፌ ስህተት ያልተገኘባቸውን ሰው ነው እንዲህ ያልኩት።

ጥያቄው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። በየእሑዱ ያንን ጠርዝ ይቅደዱልኝ እላለሁ፤ ዛሬ ወስፌው ዶልዱሟል፣ ዛሬ በዓል ነው፣ ዛሬ ቆዳው ረጥቧል ይሉኛል። ድምፃቸው አፋቸው ውስጥ ነገር የያዙ ያህል እየወፈረ ሄደ። አንድ እሑድ የተኛውን ገብስ ሲያሳዩኝ የዝንብ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ እጃቸው በካሜራው ፊት እያለፈ እሽ ይላል፤ ዝንቡ ይመለሳል፣ እጃቸውም ይመለሳል። በእኛ አገር ብርድ ዝንብ ብርቅ ነው። «ዝንቡ ምን ፈልጎ ነው?» አልኳቸው። «በግ አርደን ነው» አሉኝ። ጾም ነበር።

የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ነጋዴዋ ከመድኃኒት ቤት ስትወጣ አገኘኋት። በእጇ አንድ ፌስታል ሙሉ ፋሻ ይዛለች። አየችኝና ፌስታሉን ከነጠላዋ ሥር ልትከት ሞከረች።

«ማን ታመመ?» አልኳት።

«በጉ… በጌን ጅብ ነክሷት።»

«አባቴስ?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ይህን ስትል የምታየው ጫማዬን ነበር። ከዚያ ገበያው መሐል ገባች።

መንዝ ውስጥ ለበግ ፋሻ የሚገዛ ሰው የለም። እዚያው መድኃኒት ቤቱ ደጅ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰዉ እየገፋኝ ያልፋል፤ እኔ ግን ፋሻው ለስንት ፊት እንደሚበቃ ነበር የማስበው።

በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። አራት ቀን ጠበቅሁ። በአምስተኛው ቀን በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ፤ ጓሳን ያለፍነው መንገዱ ሳይታየን፣ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ እየነዳ ነው። ሁለት ቦታ አስቆሙን። ሁለቴም ወርደን በሰልፍ ቆምን፣ ሁለቴም ለምን እንደለቀቁን ሳናውቅ ተለቀቅን። ከራቤል ወዲያ ብቻዬን በእግሬ ሄድኩ።

አባቴ እደጃቸው ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ግራ ፊታቸው ከቅንድባቸው እስከ አንገታቸው በፋሻና በነጠላ ተሸፍኗል። ስደርስ አልተነሱም። ሽታው ከአጥሩ በር ነው የተቀበለኝ።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ መጀመሪያ።

«ማንም።»

«ጎረቤቴን እንዳትናገር በእግዚአብሔር ስም ገዝቻታለሁ። እሷ ከሆነች ኃጢአት አለባት።»

«እሷ አይደለችም አባዬ። ይፍቱት፣ ልየው።»

አልፈቱትም፤ እኔው ፈታሁት። ምስሯ የእጅ መዳፍ አክላለች። የታችኛው የዓይን ቆብ ተበልቶ ዓይናቸው ያለ ከለላ ቀርቷል፣ ከጆሮአቸው በታች ደግሞ እንቁላል የሚያክል እብጠት አለ። ተቆጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም።

«ስልኩን የገዛሁት ይህን ለማየት ነበር እኮ! ለምን ሸፈኑብኝ?»

«ብታዪው ትመጫለሽ» አሉኝ። «መንገዱ ደግሞ ሰው ይበላል። ከመኪና እያወረዱ የወሰዷቸው ሰዎች እነማን እንደሆኑ እዚህ ሁሉም ያውቃል። እኔ ያረጀሁ ነኝ። አንቺ ምስር የምታክል ቁስል ፈርተሽ ጅብ አፍ እንድትገቢ ልተውሽ?»

ፋሻውን በሞቀ ውኃ አርጥቤ መልሼ አሰርኩላቸው፤ አልስተካከል ብሎኝ ሁለት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት። እሳቸው ሲያማቸው የኮቴን ጫፍ ይጨብጣሉ።

በሦስተኛው ቀን መንገድ ሲገኝ ይዣቸው ወረድኩ፤ ደብረ ብርሃን ደረስን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ጥሩ ልጅ ነው። ፋሻውን ፈትቶ ሲያይ ቆየ፣ አንገታቸውን ደባበሰ፣ እጁን ታጠበ። ነቀርሳ ነው አለ። ወደ አንገት ወርዷል፣ አሁን ሕመሙን ከማስታገስ በቀር ብዙ የሚደረግ ነገር የለም አለ።

«ከሁለት ወር በፊት ቢሆን ቆርጠን እናወጣው ነበር። ያኔ ለምን አልመጡም?»

ሐኪሙ የሚጠይቀው እኔን እያየ ነው። አባቴ ቀደሙኝ።

«ያኔማ መንገዱ ዝግ ነበር» አሉ። «ሁለት ወር ሙሉ ወፍ አያሳልፍም ነበር። ልጄ ምን ታድርግ?»

ነጋዴዋ በእነዚያ ሁለት ወራት አራት ጊዜ ዘመሮ መጥታ ተመልሳለች። በሁለተኛው ጉዞዋ መናኸሪያው ድረስ ሸኝቻት፣ መኪናው ሊነሳ ሲል እጄን ይዛ፣ «ቦታ አለ፤ ነይና አባትሽን እይ» ብላኝ ነበር። የፈተና ወረቀት አለብኝ አልኳት። ወረቀቱ እውነት ነበረ፣ ፍርሃቴ ግን ይበልጥ ነበር። ሐኪሙ አባቴ የነገሩትን በካርዱ ላይ ጻፈ፤ እኔም ዝም አልኩ።