ከጠረጴዛው ሥር ያለው ክፍል

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ለስም ያህል ነው፤ ብዕር መጨበጤም ድፍረት ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ። የጎረቤቴን፣ የልብስ ሰፊዋን ነገር የሚጽፍ ሌላ ሰው ባጣ ነው። ስሕተቱን እያለፋችሁ አንብቡልኝ።

ልብስ ሰፊዋ አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። አፏ ስለማያርፍ እናትየው የምትጠራት “ራዲዮ” ብላ ነው። በሽታው መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለጥቂት ጊዜ ነው ተባለ። ጥቂቱ ጊዜ ዓመት አለፈውና የራዲዮ ድምፅ እያደር ቀነሰ።

አብራት የምትማር ጥርሰ ወላቃ ጓደኛ ነበረቻት። አንድ ቀን መዝለያ ገመዷን ይዛ መጥታ በር አንኳኳች። ልብስ ሰፊዋ በሽታውን ፈርታ፣ “ሂጂ የኔ ልጅ፣ ይሄ ክፉ ጊዜ ይለፍ” ብላ ከደጅ መለሰቻት። ልጅቷ ዳግም አልመጣችም። ቆይቶ ቤተሰቦቿ ሰፈር ለቀቁ ተባለ።

ከዚያ ወዲያ ራዲዮ ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ሥር ገብታ የራሷን ትምህርት ቤት ከፈተች። የተራረፉ የልብስ ቁልፎችን ወለሉ ላይ ትደረድራለች፤ ስም ትጠራለች፤ ራሷው “አቤት” ትላለች። ቢጫው አልቃሻው ነው፤ ትልቁ ጥቁር ሯጩ። ጠርዟ የተሸረፈው ቡናማ ቁልፍ ደግሞ ወላቃዋ ናት፤ ሁሌም ከፊት ነው የምትቀመጠው። እናትየው መኪናዋን እየረገጠች ትሰማለች። ልጄ ተጫወተችልኝ ብላ ደስ ይላታል።

አንድ ቀን ከሰዓት የሰፈራችን የጭነት መኪና ሹፌር ካፖርቱን ይዞ እየተጣደፈ ገባ።

“እህት ዓለም፣ አንዱ ቁልፍ ተበጥሶ ጠፋብኝ። መንገደኛ ነኝ፣ ቶሎ በይልኝ።”

“ተቀምጬ ልስፋልህ ወይስ እየበረርኩ?”

ሳጥኗን ብታተራምስ ቡናማ የለም። ጎንበስ ስትል ወለሉ ላይ አንዷን ቡናማ አየቻት። ራዲዮ ተኝታለች። አነሣቻት፤ እንዳትበጠስ አጥብቃ ሰፋቻት። ሹፌሩም መርቋት ሄደ።

ልጅቷ ከእንቅልፏ ተነሥታ ስም መጥራት ጀመረች፤ ጀምራም ተወችው።

“እማዬ፣ ወላቃዋስ?”

“ካፖርት ላይ ሰፋኋታ። ሌላ እሰጥሻለሁ፣ ሳጥኑ ሙሉ አይደል እንዴ።”

“እውነተኛዋንም አንቺ ነሽ የመለስሻት” አለች ልጅቷ።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ሹፌሩ ቤት ሮጠች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነባት። ሚስትየው ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣለች።

“ሄዷል እኮ፤ ቶሎም አይመለስም። ምነው፣ ሳይከፍልሽ ሄደ?”

“ከፍሎኛል። ቁልፏን ፈልጌ ነው።”

“ለአንድ ቁልፍ? እኔ ባል ሲሄድብኝ እንኳ እንዲህ አልሮጥኩም።”

ልብስ ሰፊዋም አብራ ሳቀች። ስትመለስ ግን ነገሩ ገባት። አንዴ ከደጅ፣ አንዴ በመርፌ፤ ሁለቴም ወላቃዋን ያባረረቻት ራሷ ናት። ማታ ልጅቷ እራት አልቀመሰችም።

በነጋታው ለጠዋት የተቀጠረ ቀሚስ ነበር። ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አላነሣችም። ጠረጴዛው ሥር እየዳኸች ገብታ፣ ከፊት ባለው ባዶ ቦታ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ልጅቷ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ስም መጥራት ጀመረች።

“ወላቃዋ።”

“አቤት” አለች እናት።

ልጅቷ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። “ቀሪ” ብላ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ልብስ ሰፊዋ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። የቀሚሱ ባለቤት መጥታ በር ስታንኳኳም አልከፈተችላት።