የረቡዕ ቁርስ

ጽጌ ፈሪ ናት፤ እሷም አትክድም። ኦስሎ ውስጥ ቢየርቪካ በሚባለው ሰፈር ያሉትን ቢሮዎች ስታጸዳ ዓመታት ቢያልፉም፣ ዛሬም ሊፍት ውስጥ ብቻዋን ስትገባ ኢየሱስን ትጠራለች። ስለዚህ በ2014 በጋ ባሏ ሀብቴ ቦቢል ተከራይቶ፣ መኪናም ቤትም የሆነውን ያንን ነጭ ግዙፍ ነገር ደጃቸው ሲያቆም እንባዋ መጣ።

«ደቡብ ኢጣሊያ ድረስ በዚህ?»

«ምን አለበት? አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው። አንቺ እንደሆን የራስሽን ጥላም ትፈሪያለሽ» አለ ሀብቴ። አልናብሩ ካለው የዕቃ ጣቢያ እየተነሳ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ መንገድ አይከብደውም።

«ማማ፣ ፌሪየ እኮ ነው! ሰው ለዕረፍት ሲሄድ ያለቅሳል?» ብላ ልጃቸው ኤልዳና ሳቀችባት።

ጽጌን ያስፈራት መንገዱ ብቻ አልነበረም። ሀብቴ ስኳር አለበት፤ ጠዋት ጠዋት መርፌ ይወጋል። ሐኪሙም ቋንቋውም በማይታወቅበት አገር አንድ ነገር ቢሆንስ? ይህን አውጥታ አልተናገረችም። ብትናገር ሟርተኛ ይሏታል።

ከቀናት ጉዞ በኋላ ካላብሪያ ተራሮች ሥር፣ ከአንዲት ትንሽ መንደር ውጭ አደሩ። ጠዋት አባትና ልጅ ጫማቸውን አጥብቀው በወይራ ዛፎቹ መሃል ሽቅብ የሚወጣውን የእግር መንገድ ያዙ። ጽጌ ጉልበቷን ስለሚያማት ቀረች።

ዕቃ አጣጥባ ፍርፋሪ ልትጥል ቆሻሻ መጣያውን ስትከፍት፣ ለሀብቴ ያቀረበችለት ዳቦና እንቁላል በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘችው። ምንም አልተነካም። መርፌውን ሲወጋ ግን በዓይኗ አይታዋለች።

ቀኑ ረቡዕ ነው። ኦስሎ ያለው ጉባኤያቸው ረቡዕ ረቡዕ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጾም ጸሎት ይውላል። ፓስተሩ «መድኃኒት የምትወስዱ አትጹሙ» እያለ ሁልጊዜ ይናገራል፤ ሀብቴ ግን ይህ ለሰነፎች የተባለ ይመስለዋል። ለሐኪሙ ብሎ ተወጋ፤ ለጌታ ብሎ ቁርሱን ጣለ። ያ መርፌ ደግሞ ምግብ ካልተበላበት ስኳሩን አውርዶ ይጥለዋል።

ኤልዳና ጋ ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም። የብርቱካን ጭማቂውን አንስታ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ ወጣች።

ዳገቱ ላይ ከድንጋይ አጥር ኋላ አንድ ውሻ ዘሎ ጮኸባት። ሌላ ቀን ቢሆን እዚያው ደርቃ ትቀር ነበር። «ዞር በል!» አለችው በአማርኛ፤ ዞር አለላት። ደርሼ ባላገኘውስ? ወድቆ ባገኘውስ? ከላይ «ፓፓ! ፓፓ!» የሚል የኤልዳና ድምፅ ሲመጣ መመለስ አማራት፤ ግን ሄደች።

ሀብቴ ግንድ ተደግፎ ተቀምጧል። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ቀና ብሎ አያት።

«ይህቺ ሴት ማናት?»

ጽጌ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ጭማቂውን ከፍታ አስጠጋችለት። ጥርሱን ነከሰ።

«ዘጠኝ ሰዓት... አልደረሰም።»

«አፍህን ክፈት፣ ሀብቴ!» ጩኸቷ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። አገጩን ይዛ ጥቂት በጥቂት አስዋጠችው። ኤልዳና እያለቀሰች ጀርባውን ትደግፋለች። ብዙ ጠበቁ። በመጨረሻ ዓይኑ ጠራ።

«ጽጌ» አለ ደክሞ። «ጾሜን አስገደፍሽኝ።»

«አስገደፍኩህ። እኔ እጠየቅበታለሁ።»

ኦስሎ ከተመለሱ በኋላም ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ረቡዕ ረቡዕ ወደ ሥራ ሳትሄድ በፊት ካፖርቷን ለብሳ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። ሀብቴ ያጉረመርማል፣ ያኝካል። እሷ ጉሮሮውን ታያለች፤ መዋጡን ሳታይ አትነሳም።