የበራችን አረንጓዴ

ልጄ የሰርጓን ቀለም የነገረችኝ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነው። ዊንጌት ከታክሲ ወርደን ወደ ሰፈራችን የሚያስገባውን ዳገት ክንድ ለክንድ ተያይዘን እየወጣን ነበር።

«እማዬ፣ ከለራችን አረንጓዴ ሆኗል» አለች። «ሚዜዎቼም፣ ዲኮሩም። አንቺና አክስቴ ደግሞ ነጭ ቀሚስ፣ ጥለቱ አረንጓዴ።»

«የምን አረንጓዴ?»

«የበራችን።»

ዳገቱ ትንፋሼን የወሰደው አስመሰልኩ።

የበራችን አረንጓዴ የአባቷ ሥራ ነው። ባለቤቴ በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ፣ ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቁጥር፣ የቆርቆሮውን በር ለዘመን መለወጫ ይቀባ ነበር። አሮጌ ካፖርቱን ገልብጦ ይለብሳል። ከአምና የተረፈውን ቀለም በአኳራጅ ያቀጥንና ከአዲሱ ጋር በእንጨት ያማስለዋል። ሽታው ከግቢው አልፎ ጎረቤት ይደርሳል። ልጃችን ትንሽ ሳለች እየሮጠች ትመጣና መዳፏን እርጥቡ ቀለም ላይ ትለጥፋለች፤ እሱም ሳይቆጣ መልሶ ይቀባዋል። እኔ ደግሞ ከኋላው ቆሜ «ይኼ እኮ ከአምናው ይለያል» እለዋለሁ።

«ይድረቅ» ይለኛል። «ሲደርቅ ያው ነው።»

ለመጨረሻ ጊዜ የቀባው ታሞ ነው። ከጳውሎስ ሐኪም ቤት ስንመለስ ታክሲውን ቀለም መሸጫ ደጃፍ አስቆመ። «ምን ያጣድፍሃል?» ስለው፣ «አዲስ ዓመት እኔን ይጠብቃል?» አለኝ። የበሩን የላይኛውን ክፍል ቆሞ፣ የታችኛውን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቀባው። ታች ላይ ብሩሹ የሄደበት መስመር አሁንም ይታያል። አምና ኅዳር ላይ አረፈ። ባለፈው ጳጉሜ እትዬ፣ የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ቀቢ ላምጣ ሲሉ አይሆንም አልኳቸው። የእሱ እጅ እንዲሸፈን አልፈለግሁም።

ዓመቱ ሲሞላ የእድራችን ሴቶች እንደ ወጉ መጡ። ጥቁሬን አወለቁልኝ፣ ነጭ ነጠላ አለበሱኝ፣ መርቀውኝ ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ጥቁሩን ቀሚስ መልሼ ለበስኩት። ማንም ምንም አላለኝም፤ ከልጄ በቀር። እሷም ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጥቁር ለብሰሽ አትድሪኝም።»

ሰርጉ ጥር ላይ ነው። አረንጓዴው ለማን እንደታሰበ ገብቶኛል።

ሽሮ ሜዳ ከሸማኔው ዘንድ ሄድን። የያዘውን አረንጓዴ ክር ሁሉ አውጥቶ ፊታችን ደረደረልን። ልጄ ሳታመነታ ጠቆር ያለውን አነሳች።

«ይኼ ነው።»

«እሱ አይደለም» አልኩ፤ ፈዘዝ ያለውን አንስቼ። «የበሩ ይኼ ነው።»

«ያደግኩበትን በር አጣዋለሁ እንዴ፣ እማዬ?»

«እኔ ዛሬ ጠዋት ዘግቼው ነው የመጣሁት።»

ሸማኔው ሁለታችንን እያፈራረቀ አየና፣ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስንት በር ነው ያላችሁ?» አለ። ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሳንመርጥ ተመለስን።

እትዬ ግቢ ውስጥ ለሰርጉ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ነገሩን ሲሰሙ ቢላዋቸውን እንደያዙ ተነሱ። «ይኼ መቼም ሠርገኛው በር ላይ እስኪደርስ የማያልቅ ጭቅጭቅ ነው» አሉና ከማጠፊያው አጠገብ፣ ቀለሙ በወፈረበት በኩል፣ ፋቅ ፋቅ አደረጉት። እጃቸውን ልይዝ ምንም አልቀረኝ።

ከላይ የእኔ ፈዛዛ ነበር። ከሥሩ እንደ ወይራ ቅጠል የጠየመ ወጣ። ከእሱ ሥር ቢጫ የነካው፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። አንዱም አንዱን አይመስልም። ቢላዋው ቆርቆሮው ላይ ሊደርስ ሲል ልጄ «ቆይ» ብላ የአክስቷን ክንድ ያዘች። «ይኼ ነው።» ጠቆር ያለ፣ ድፍን አረንጓዴ ነው። መዳፏን የምትለጥፍበት ዘመን መሆን አለበት።

«ለካ ያው ነው እያለ ሲሸውደኝ ነው የኖረው» አልኩ።

«አንቺን ብቻ መሰለሽ?» አሉ እትዬ። «እኔን ከልጅነቱ ጀምሮ ነው።»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «የፈለግሽውን ምረጪ፣ እማዬ። ያንቺው ይሁን። ብቻ ልበሽው።»

የተፋቀውን ቦታ አተኩሬ አየሁት። እሷ የምታስታውሰው ቆሞ የሚቀባውን አባቷን ነው። እኔ በርጩማው ዘንድ ቀርቻለሁ።

«ያንቺ ይሁን» አልኳት።

«በሩስ?» አሉ እትዬ። «እንዲህ ተፍቆ ሰው ይገባበታል?»

«እኔ እቀባዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። ካፖርቱን ለነዳያን ስለሰጠነው የምደርበው አልነበረኝም፤ ጥቁሩን ቀሚስ እንደለበስኩ ነው የቀባሁት። አዲስ የገዛነው ቀለም ጠቆር ያለው ነው። ከእሱ የተረፈው ቀለም ጣሳው ውስጥ ላዩ ቆዳ አውጥቶ ቆይቶ ነበር። ቆዳውን ቀድጄ፣ በአኳራጅ አቅጥኜ ጨመርኩበት፤ እሱ እንደሚያደርገው አማሰልኩት። ታችኛው ክፍል ላይ ስደርስ በርጩማው አልመቸኝም፤ ተንበርክኬ ጨረስኩት።

ልጄ ከሸማኔው ያመጣችውን ክር ይዛ መጥታ ከበሩ ጋር አስተያየች። «እማዬ፣ ይለያል እኮ።»

«ይድረቅ» አልኳት። ሌላውን ሳልጨርሰው እሷ ጨረሰችው፤ የአባቷን ድምፅ አስመስላ።

ስነሳ ነው ራሴን ያየሁት። ቀሚሴ ከደረቱ እስከ ዘርፉ በሩን ተደግፎ ኖሮ አረንጓዴ ሆኗል። እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ይኼ ከእንግዲህ ለለቅሶ ቤትም አይሆንም» አሉ። አወለቅሁት። በአኳራጅ አሸሁት፣ በኦሞ ዘፈዘፍኩት፤ ጥቁሩ ለቀቀ እንጂ አረንጓዴው አልለቀቀም። ገመዱ ላይ አሰጣሁት።

ትናንት ሸማኔው ደውሎ ቀሚሶቹ ደርሰዋል አለ። ምን ለብሼ እንደምሄድ ጨንቆኝ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆምኩ። ጥቁሩ ገመዱ ላይ ደርቋል፤ ከመስኮቱ ይታየኛል። በኋላ የልጄን ሰማያዊ ሹራብ ለበስኩና በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ቀለሙ አሁንም እጅ ላይ ትንሽ ይይዛል።