የአለቃ ደቂቃ ታንኮች

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በከተማ አውቶቡስ ስምሪት ክፍል ተቀምጦ «ሁለት ደቂቃ አርፍደሃል፣ ሦስት ደቂቃ ቀድመሻል» ሲል ስለኖረ ሹፌሮቹ አለቃ ደቂቃ አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ሚስቱም የምትጠራው በዚሁ ነው። እሷ ራሷ ከነዚያው ሹፌሮች አንዷ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት እሱ ከመስታወት ክፍሉ ሆኖ ውጪ ሲላት ወጥታለች፣ ግቢ ሲላት ገብታለች። ከባሏ ይህን ያህል ትእዛዝ ተቀብላ ያልፈነዳች ሴት ሜዳሊያ ይገባት ነበር፤ የተሰጣት ግን የጡረታ ደብተር ብቻ ነው።

ጡረታ በወጣ ሰሞን ልጃቸው አባቷ እንዳይደብረው ብላ አንድ የኮምፒውተር ጌም ጫነችለት። ሩቅ ፕላኔት ላይ ያለ ጦርነት ነው፤ ተጫዋቹ ከላይ ቁልቁል እያየ ታንኮቹን ያሰማራል፣ ከብረት ሸረሪቶች ጋር ያዋጋል። አለቃ ደቂቃ የጠፋበትን ሥራ መልሶ አገኘ። ደብተር ገዛና አሰመረ፤ የታንክ ቁጥር፣ መነሻ ሰዓት፣ መመለሻ ሰዓት፣ ምክንያት። ስድስት ዓመት ኮምፒውተሩ ካለባት ጠባብ ክፍል አልወጣም ማለት ይቀላል። ምሳ ቀርቧል ሲባል፣ ሰባት ቁጥር ይመለስልኝና እመጣለሁ ይላል። ሰባት ቁጥር እስኪመለስ ምሳው ይቀዘቅዛል።

ሚስቱም ሰው ናትና ሰለቻት። አንድ ሰኞ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን አናት ላይ አወረደችና ቅዳሜ እህቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረችው። ለስንት ቀን ብሎ ጠየቃት።

«መመለሻውን ባዶ ተወው» አለችው።

ይህን ያለችው እንግዲህ ባዶ የመመለሻ ሰዓት ሲያይ እንቅልፍ ለሚያጣ ሰው ነው። አትሂጂ ብሎ መለመኑን ግን አልለመደውም፤ የሠላሳ ዓመት እንጀራው ሂጂ ማለት ነበር። ያለው ዘዴ አንድ ብቻ ሆነ፤ ደብተሩን ገልጦ «ሚስቴ፤ መነሻ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት» ብሎ ጻፈና መመለሻው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ደግነቱ በዚያው ሳምንት የጌሙ ሁለተኛ ክፍል ወጣ። ልጁ መጥታ ጫነችለትና አዲሱን ነገር አስረዳችው። ይኼኛው ለሁለት ሰው ይሆናል። ደግሞም አዛዡ ከፈለገ ከላይ ወርዶ፣ ራሱ ታንክ ውስጥ ገብቶ መንዳትና መተኮስ ይችላል። አለቃ ደቂቃ ስለ መውረዱ የሰማም አልመሰለ። ለሁለት ሰው የሚለውን ግን ያዘው። ሁለተኛ ወንበር ጎትቶ አመጣና ሚስቱን ጠራት። አጠራሩም እንደሱው ነው፤ ናፈቅሽኝ አይደል፣ እባክሽ አይደል፤ ሹፌር ጎደለብኝ አላት። እየሳቀችበት መጥታ ተቀመጠች።

ሴትዮዋ ለካ እጇ አልዛገም። ታንኩን በገደል አፋፍ ስትነዳው የሰፈሯን መንገድ የምትነዳ ነው የምትመስለው። ችግሩ አለቃው ነበር። አንድ መስመር ላይ ሁለት መኪና ተከታትሎ አይወጣም የሚለው ሕግ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ታንኮቹን በአምስት አምስት ደቂቃ ልዩነት አንድ በአንድ ይለቃቸዋል። በመጀመሪያው ክፍል ሸረሪቶቹ ቀርፋፋ ስለነበሩ ያዋጣው ነበር። የሁለተኛው ክፍል ሸረሪቶች ግን መታጠፊያው ላይ ተሰብስበው ይጠብቁና የመጣውን በተራ ይለቅሙታል። ሁሉንም ባንዴ ልቀቃቸው ስትለው ተደራርበው ይሄዳሉ፣ ተሳፋሪ ይሻማሉ ብሎ ተከራከራት። የምን ተሳፋሪ ብላ ብትጠይቀውም ሕጉን አልተወም። እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ጊዜ ተሸነፉ። እሷ በየሽንፈቱ ትስቃለች፤ ሻንጣው ግን ከበሩ አጠገብ እንደቆመ ነው።

ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻው ውጊያ ላይ ደረሱ። ያን ቀን ለእሷ ሲል ምክሯን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠና ሦስት ታንክ ባንዴ ለቀቀ። ሠራ። ሊያሸንፉ ጥቂት ሲቀራቸው ተራራው ላይ የእሷ ታንክ ሰንሰለት ተበጠሰና ቆመች። በፕላኔቱ ላይ ዝናብ ይዘንባል። እሷ እጇን ከመጫወቻው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ሁለቱም ያስታወሱት አንድ ነገር ነው። ከዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ዝናብ አውቶቡሷ የላይኛው መንገድ ላይ ተበላሽቶባት በሬዲዮ ጠርታው ነበር። እሱም ጥርት ባለ ድምፅ መጠባበቂያ መኪና እስኪመጣ ተራሽን ጠብቂ፣ ሦስተኛ ነሽ አላት። ለሦስት ሰዓት ብቻዋን ቆመች። ስትመለስ የመዘገበው ማርፈዷን ነው። ያን ቀን አንድም ጊዜ አንስታበት አታውቅም።

አሁን ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ስንተኛ ነኝ?» አለችው።

አዛዡ ማዘዣ ጣቢያውን ትቶ ከወረደ ጣቢያው ያለ ጠባቂ እንደሚቀር ጌሙ በቀይ ጽሑፍ አስጠንቅቆታል። አየው፤ አነበበው፤ ቁልፉን ተጫነና ወረደ።

ያ ሁሉ ዓመት ሹፌር ሲያዝዝ የኖረ ሰው መሪ ጨብጦ አያውቅም። የገዛ ጣቢያውን በር ገጭቶ ወጣ። የገዛ መጋዘኑ ላይ ወጣበት። ተገለበጠ፣ ተቃና፣ የመንገዱን እኩሌታ በኋላ ማርሽ ሄደው። እሷ በቀኝ፣ ኧረ በቀኝህ እያለች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እንደምንም ደረሰና ከእሷ ታንክ ጎን አቆመ። አንድም ጥይት አልተኮሰም። ከኋላው ጣቢያው እየነደደ ነበር፤ ስክሪኑም መሸነፋቸውን ነገራቸው።

እንባዋን እየጠረገች፣ «ልናሸንፍ ነበር እኮ። ጣቢያህን ትተህ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለችው።

«ያን ቀን መምጣት ነበረብኝ» አለ። ቀጥሎም ጨመረበት፤ «ነገ አትሂጂብኝ።»

እጇን ዘርግታ ደብተሩን ከፊቱ ወሰደችና ገጹን እየገለጠች የራሷን መስመር አገኘችው። ባዶውን የመመለሻ ቦታ ለረጅም ጊዜ አየችው። እስክሪብቶውን አንስታ ቅዳሜን ሰረዘችና ከጎኑ ጻፈች፤ «ስምሪቱ ተሰርዟል። ምክንያት፦ አለቃው መንዳት አይችልም።»

ተቀብሏት አነበበው። የተሰረዘበት ሰዓት አልተሞላም ሊላት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ መልሶ ዘጋው።