የአባቴ ባት

በፀሐይ የሞቀ ሽንኩርት ሽታ ዛሬም መንገድ ላይ ሲደርሰኝ፣ አባቴ ኩንታል ተሸክሞ በጣውላው ላይ ወደ ጭነት መኪናው ሲወጣ ይታየኛል። ሸዋሮቢት ጥር ሲገባ ሽንኩርቱ በየማሳው ዳር ይከመር ነበር። አባቴና ጓደኛው ሰይድ እየተቀባበሉ ሲጭኑ፣ እኔ ምሳ ይዤ ሄጄ ጥላ ሥር ተቀምጬ የአባቴን ባት አይ ነበር። በተራመደ ቁጥር ከቆዳው ሥር እንደ ዓሣ ይገላበጥ ነበር። ያን ጊዜ ባቱ እንደ አጥንቱ አብሮት የተፈጠረ፣ ማንም የማይወስድበት ነገር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጥር ላይ ጣውላው ተንሸራትቶ ከነሸክሙ ወደቀና ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ ጀሶ ታሰረለት። መጋቢት ላይ ጀሶው ሲፈታ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜ ነበር። የወጣው እግር የአባቴ አልመሰለኝም፤ ቆዳው ተላልጦ፣ ባቱ ጠፍቶ፣ ክንድ አክሎ ነበር። የፈታለት ሐኪም አጥንቱ መግጠሙን ነግሮን፣ በምርኩዝ እየረገጠ እንዲለማመድ አዘዘ። እናቴ ግን ዓይኗ እግሩ ላይ ቀርቶ የሰማች አይመስለኝም።

«ይሄ ያልዳነ እግር ነው» አለች ቤት ስንደርስ። «ሥጋው እስኪመለስ አይነሣም።»

በእኛ ሰፈር ለታመመ ሰው የሚደረግለት ትልቁ ነገር ምንም እንዳይሠራ መከልከል ነበር። አልጋውን ኒም ዛፉ ሥር አወጣንለት። ጎረቤት ገንፎና አጥሚት ይዞ እየመጣ «ብላ፣ አትነቃነቅ» ይለው ነበር፤ ውኃ እንኳ እኛ ነበርን አፉ ድረስ የምናደርስለት። እናቴ ምርኩዙን ከጣራው ሥር ሰቅላ እኔን ጠባቂ አደረገችኝ። አባቴ ብቻችንን ስንሆን «እስቲ ያንን አውርጂልኝ» ሲለኝ፣ አንገቴን ደፍቼ ከአጠገቡ እርቅ ነበር።

በልጉ ዘነበ፣ ሜዳው ለመለመ፣ አባቴ ግን እዚያው ነበር። ሰይድ ከሥራ ሲመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያገላበጠ ያየው ነበር።

«ይሄ እግር ነው የሽንኩርት ቅጠል?»

«ቅጠሉን ተወውና ቦታዬን ንገረኝ።»

«አንድ ጎረምሳ ይዞልሃል። ለጥር ኢንሻአላህ ከመጣህ ይለቅልሃል። ካልመጣህ ግን ልጁም ሥራ ይፈልጋል።»

አባቴ ይስቅ ነበር፤ ሰይድ ሲሄድ ፊቱን ወደ ዛፉ ያዞር ነበር።

እኔ ከነጠላ ክር መዝዤ፣ ሥጋው ተመልሶ እንደሆነ ባቱን በየእሑዱ እለካ ነበር። አንድ እሑድ ደህናውን እግር ለክቼ ክሩን ቋጠርኩበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለካው ቋጠሮው አለፈ፤ ያልተሰበረውም፣ ምንም ያልነካው እግር ቀጥኖ ነበር። ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኔ ላይ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ሲስተር የጎረቤት ሕፃናትን ለመከተብ መጥታ፣ አልጋውን አይታ ወደ ግቢያችን ገባች። እናቴ «ስብራቱ አልድን ብሎ ነው» ስትላት፣ እንግዳ ሲመጣ በር ኋላ የምደበቀው እኔ ክሩን ይዤ ወጣሁ።

«ደህናውም ቀጥኗል» አልኩ።

ሲስተር ክሩን አይታ፣ ሁለቱንም እግር ዳስሳ፣ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ስብራቱ ድኗል። ጡንቻ በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑ ይገነባል። ሥራ ሲያጣ ሰውነት የማይሠራበትን ላለመቀለብ መገንባቱን ይቀንሳል፣ መፍረሱ ይቀጥላል። ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭም ካልተለማመደ ትእዛዙ ይደክማል።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ገንፎ የት ገባ?»

«ሆዳቸው ላይ።»

አባቴ ከወደቀ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ አታንሷቸው» አለች ሲስተር። «ራሳቸው ይነሱ።»

እኔ ግን ያለችው አስደንቆኝ ፈዝዤ ቀርቼ ነበር። አባቴ ዝም ብሎ ተኝቶ እያየሁት፣ ውስጡ ያለ ድምፅ እየፈረሰ እየተገነባ ነበር ማለት ነው። እኔም ቆሜ ሳዳምጥ እግሬ ውስጥ ያው ሥራ እየተሠራ መሆኑ ሲገባኝ፣ ጎንበስ ብዬ ባቴን አየሁት።

እናቴ ምርኩዙን ራሷ አወረደችው። ኩንታል ያነሣ የነበረው ሰው በመጀመሪያው ቀን ዛፉን ይዞ ጥቂት እንደቆመ ጉልበቱ ተንቀጥቅጦ ተቀመጠ፤ እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ዛፉን ይዞ በእግሩ ጣቶች እየቆመ ይወርድ ነበር፣ እኔም እቆጥርለት ነበር። አምስት፣ አሥር፣ ከዚያ ሃያ። ገንፎው ቀርቶ እንደ ሁላችን ሽሮ እየበላ፣ መስከረም ላይ ያለ ምርኩዝ ሮቢ ወንዝ ደርሶ ተመለሰ። ያ ሥጋ ከየት እንደመጣ እያየሁ አልገባኝም።

ጥር ላይ ሰይድ ግማሽ ኩንታል ጀርባው ላይ ጫነለት። «ቀስ በል፣ አንተ ቅጠል» አለው። አባቴ ሸክሙን አመቻቸ። ጣውላው ላይ ወጣ፣ ደረሰ፣ አራገፈ። ጎረምሳው ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

አሁን አግብቼ ካራቆሬ ነው የምኖረው፣ አባቴም ሸክም ካቆመ ቆይቷል። ሊጠይቀኝ ሲመጣ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሊነሣ ሲል እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ ይሞክራል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ልጅ ሳለሁ ቢሆን ሮጬ ይዤ አነሣው ነበር። ዛሬ እጄ ሊዘረጋ ሲል መልሼ እሰበስበዋለሁ፣ ሌላ ነገር የማይ መስዬ እጠብቃለሁ፤ እሱም ቀስ ብሎ ይነሣል።